በኖራ የተሸፈነው ሰሜን

ሲፊስ ቀርጤስ ደሴት ላይ አርባ ዓመት ሙሉ እንጀራው የወጣው የወይራ ዛፍ ከአንዱ ቦታ ነቅሎ ሌላ ቦታ በመትከል ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ ሆቴል ሲሠራ፣ ወራሾች የአያታቸውን ርስት ሲሸጡ የሚጠራው እሱ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ ከነአፈሩ አንስቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ባሕር ዳር ቪላ ለሠራ ባለጸጋ ግቢ ያቆምለታል። ስንት ዛፍ እንደተከለ አያውቅም፤ ወገቡ ግን አንድም ሳያስቀር ያውቃል። ሰባ ዓመት ሲሞላው ጠዋት ጫማውን ለማሰር አልጋው ጫፍ ላይ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ ጀመር። ማሰሩ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ከታሰረ በኋላ መነሳት መኖሩ ነው።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የገዛ ግቢው ውስጥ አንድም ወይራ አልነበረም። ሲሚንቶ፣ የውሃ ቧንቧ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ በሶብላ፤ በቃ ይኸው ነው። ሚስቱ አርጊሮ በዚህ ነገር አርባ አራት ዓመት ስታላግጥበት ኖራለች። እንግዳ ሲመጣ ወደ ሲሚንቶው እያመለከተች የባሌ የአትክልት ቦታ ነው ትላለች።

አርጊሮ ግን ዛፍ ነበራት። ከመንደሩ በታች ካለው ሸለቆ፣ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና አባቷ የሰጣት አንድ ትልቅ ወይራ። በዚያ አገር መሬቱ የአንዱ፣ በላዩ ያለው ዛፍ የሌላው ቢሆን የሚደንቀው የለም። መሬቱ የወንድሟ ነው፣ ዛፉ የእሷ። ወንድሟ ዙሪያውን ያርሳል፣ እሷ ፍሬውን ትለቅማለች፣ ተጣልተው በማይነጋገሩበት ዓመት እንኳ ይህ አልተቋረጠም። እስከ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ድረስ በየኅዳሩ መረቧን ዘርግታ ለቅማለች።

ከዚያ ግድብ ሊሠራ ነው ተባለ፤ ተሠራም። ሸለቆው ውሃ ሊሆን ነው። የመንግሥት ሰዎች መጥተው እያንዳንዱን ዛፍ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉበት፤ የአርጊሮ ዛፍ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ደረሰው። እስከ ፋሲካ ያልተነሳ እዚያው ይቀራል ተባለ።

ሲፊስ የሚመጣውን አውቆ ገና ሳትጠይቀው ወገቡን ያዘ። ጡረታ ወጥቻለሁ አላት።

«ከሥራ ነው የወጣኸው እንጂ ከእኔ አልወጣህ» አለችው። «ለስንቱ ባለጸጋ ስታቆም የኖርክ ሰውዬ፣ ለእኔ አንዱን ማቆም አቃተህ?»

እውነቷን ነበር። ሲፊስ ዶማውን ሊፈልግ ተነሳ።

የካቲት ላይ ከማንዮስ ጋር ሸለቆው ወረደ። ማንዮስ ክሬን ነጂ ነው፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳለት ሲፊስ ስለሆነ አበልጆች ናቸው፣ እንደ አበልጅም ያለ ርኅራኄ ይቀላለዳሉ። ሲፊስ መጀመሪያ ያደረገው ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው፤ ዶማ ከማንሳቱ በፊት በግንዱ ሰሜን ፊት ላይ የመዳፍ ያህል ሰማያዊ ቀለም ቀባ። የወይራ ሰሜን ፊት ዕድሜ ልኩን ፀሐይ አይቶ አያውቅም፣ ልጡ ስስ ነው። ዛፉን አዙሮ የተከለ ሰው ያን ስስ ቆዳ ለፀሐይ ይሰጠዋል፤ ቆዳው ይቃጠላል፣ ዛፉም ሳያቆጠቁጥ ደርቆ ይቀራል። ሲፊስ በአርባ ዓመቱ አንድም ዛፍ ሰሜኑን አሳስቶ አያውቅም፤ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ቅርንጫፎቹን ሁሉ ቆረጡ፤ ግንዱና ሦስት የቅርንጫፍ ጉቶ ቀሩ። ሦስት ቀን ቆፍረው፣ በክሬን አንስተው፣ ግቢው ጥግ አደረሱት። መትከሉ ግን ዘገየ። ከሲሚንቶው ሥር ያለው ዓለት ነው፤ ሲፊስ በየቀኑ ጥቂት እየፈለጠ ጥቂት እየተኛ ጉድጓዱን ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ፈጀበት። የማንዮስ ክሬንም ሌላ ሥራ ላይ ተይዞ እስከ ፋሲካ ማግስት ማክሰኞ አልለቀቅ አለ። ዛፉ ሥሩ ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ እንደተጠቀለለ ቆየ።

በመካከሉ ሕማማት ገባ። በሕማማት በዚያ መንደር ኖራ የማይነካው ነገር የለም፤ ደረጃው፣ የግቢው ጠርዝ፣ የአበባው ቆርቆሮ፣ ዛፍ ያለው ሰው ደግሞ የዛፉ ግንድ። አርጊሮ በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ በግቢዋ ዛፍ አገኘች። ረቡዕ ጠዋት ሲፊስ ወገቡን ታሽቶ በተኛበት፣ ግንዱን በሽቦ ብሩሽ ሽበት የመሰለውን ቅርፊቱን ሁሉ ፈግፍጋ ኖራውን ሦስት ጊዜ ደራርባ ቀባችው። ሲፊስ ከሰዓት ወጥቶ አየው፣ አማረ አላት። ምንም አልታየውም። በሕማማት ነጭ ግንድ ማየት ለዚያ አገር ሰው ምንም እንዳለማየት ነው።

ማክሰኞ ማንዮስ ዛፉን አንጠልጥሎ ከጉድጓዱ በላይ አቆመው። ሲፊስ ሰማያዊውን ፈልጎ ግንዱን አንድ ጊዜ ዞረ። እንደገና ዞረ። በቢላ ኖራውን ፋቀ፤ ከሥሩ የተፈገፈገ ልጥ እንጂ ቀለም የለም። ጉቶዎቹን ተመለከተ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ድሮ ቢሆን አንድ ጊዜ ያየውን ዛፍ በሕልሙም አይስተውም ነበር። አሁን ግን የካቲትን ሲያስብ ትዝ የሚለው የወገቡ ሕመም ብቻ ነው።

«አበልጄ፣ አራት ቶን አንጠልጥዬ ነው ያለሁት» አለ ማንዮስ ከላይ። «ወይ ሰሜኑን ንገረኝ፣ ወይ ጸሎት ጀምር።»

ሲፊስ ወደ ሚስቱ ዞረ። የስድስት ሳምንት ዓለትና የአርባ ዓመት ድካም አንድ ላይ አፉ ላይ መጣ።

«የመዳፍ ያህል ሰማያዊ ቀለም ነው የቀባሁት። ዓይን የለሽም እንዴ አንቺ ሴት?»

አርጊሮ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ተንጠለጠለው ግንድ ሄደች። ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው እንደምታዳምጥ ሆና፣ በጣቶቿ ብቻ ከታች ጀምሮ ግንዱን ትዳስስ ጀመር። እብጠቱን፣ ስንጥቁን፣ ልጅ ሳለች ትቀመጥበት የነበረውን ጎድጓዳ አለፈች። ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ ብሎ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «የአባቴ የአህያ ማሰሪያ ቀለበት። ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው፤ መንገዱ ደግሞ በፀሐይ መውጫ ነው።»

ሲፊስ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ለዓይን ምንም የለም፣ ዛፉ ቀለበቱን ከዋጠው ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። ጣቷ ያለበት ላይ ጣቱን ሲያደርግ ግን ከልጡ መሐል የብረት ቅዝቃዜ ነካው። ምሥራቁ ከታወቀ ሰሜኑ ታወቀ። ለማንዮስ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ዛፉ ሩብ ዙር ዞሮ ወረደ።

አፈሩን ሞልተው ማንዮስ ከሄደ በኋላ ሁለቱ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሲፊስ የተናገረው ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይቅርታ ሊላት ሲል ቀደመችው።

«ሰማያዊውን አላየሁትም፣ ሲፊስ። ከገና ወዲህ ብዙ ነገር አላየሁም።»

ከእህቷ ልጅ ጋር ከተማ ወርዳ ሐኪም አይቷት ነበር። የዓይን ጠብታ ሰጥቷታል፤ ጠብታው ግን የሄደውን አይመልስም፣ የቀረውንም ለብዙ ጊዜ አያቆይም ብሏታል። ሲፊስ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«ጉድጓድ እየቆፈርክ ነበራ» አለች። «ደክሞሃል። በላዩ እኔን ልጨምርብህ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛፉ ለሲፊስ ሌላ ነገር ሆነ። ጨለማው ሲዘጋባት በእጇ የምታውቀው አንድ ነገር ግቢዋ ውስጥ ይኖራት ዘንድ መብቀል አለበት። በሸለቆው የቀረው ሁሉ ውሃ ሥር ገብቷል፤ ይህ ከደረቀ ደግሞ የሚተካው የለም።

ሐሩሩ መጣ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚለቀቅ ሲፊስ በበርሜል አጠራቅሞ ጠዋት አራት ባልዲ፣ ማታ አራት ባልዲ ያጠጣል። ጎረቤቶች መጀመሪያ አይዞህ አሉት፣ በኋላ ሲፊስ ሬሳ ያጠጣል እያሉ ይስቁበት ጀመር። አርጊሮ ማታ ማታ ድንች እየላጠች ትጠይቃለች፤ አቆጠቆጠ? እሱም ከበሩ ላይ ሆኖ ጉቶዎቹን አንጋጦ እያየ ይመልሳል፤ ገና ነው። ግንቦትና ሰኔ ገና ነው ተባባሉ፤ ሐምሌም በ«ገና ነው» አለቀ። ነሐሴ ላይ ከጉቶዎቹ አንዱን በጥፍሩ ጫረው፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ መሆን የነበረበት ቡናማ ነበር። ሲፊስ ይህን ቀለም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ያን ዕለት ማታ አቆጠቆጠ ወይ ስትለው ገና ነው የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው። ውሸት ወድዶ አይደለም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ለመናገር አቅም ስላጣ ነው።

«አቆጠቆጠ» አላት። «አንድ ናት፤ ከላይ።»

«እሰይ» አለች አርጊሮ፣ ድንቹን መላጥ ሳታቆም።

በነጋታው ሲነሳ አልጋው ላይ የለችም። ዛፉ ሥር ተንበርክካ በሁለት እጇ ግንዱን ትዳስሳለች። ሲፊስ በሩ ላይ ቀረ። ጉቶው ድረስ ደርሳ ምንም ሳታገኝ የምትመለስበትን ሰዓት ጠበቀ። በአርባ አራት ዓመት ብዙ ነገር ደብቋታል፤ እንዲህ ያፈረበት ግን የለም።

«አንድ ናት ነው ያልከኝ?» አለች ዞር ሳትል። «ሦስት ናቸው እኮ።»

ውሸቴን አውቃ በውሸት ልታጽናናኝ ነው ብሎ አሰበ። ቢሆንም ሄደ። ከጎኗ ለመንበርከክ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። እጁን ይዛ ወደ ግንዱ ጀርባ ወሰደችው፤ ሰሜን ፊቱ፣ ከአጥሩ ጋር በተጠጋው በኩል፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። ሲፊስ ሐሩሩን ሙሉ እዚያ ጎንበስ ብሎ አይቶ አያውቅም፤ ወገቡ አልፈቀደለትም። ኖራው ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ከሥሩ የጥፍር ጫፍ የሚያህሉ ለጋ ነገሮች ብቅ ብለዋል። አንዷ ሁለት ቅጠል አውጥታለች።

እንባው መጣ፣ አልከለከለውም። አሁን ደብቆ ምን ሊሆን ነው።

«ትናንት ዋሽቼሽ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። ስትዋሽ ከበሩ ነው የምታወራው፣ እውነት ሲሆን ትጠጋኛለህ።» ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ ደግማ ነካች። «ከእንግዲህ ማየቱን ለእኔ ተወው። አንተ ውሃውን አምጣ።»

ሲፊስ ግንዱን ተደግፎ በሁለት ጊዜ ተነሳ። ወገቡ እንደ ትናንቱ ነው፣ ነገም እንደዛሬው ይሆናል። ባልዲውን አነሳና ወደ በርሜሉ ሄደ።