አማቴ ሲመጡ የሚድነው ካሚዮን

በደርግ ጊዜ አቃቂ ላይ የምነዳው አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን የእኔ ሳይሆን የሚስቴ አባት ንብረት ነበር። እሳቸው ኮምቦልቻ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ መኪናውንም ልጃቸውንም እኔን አምነው ሰጥተውኛል። ከሁለቱ የትኛውን አስበልጠው እንደሚወዱ ብጠየቅ፣ ሳላቅማማ ካሚዮኑን እል ነበር።

ያን ጊዜ ናፍጣ በኩፖን ነው። ኩፖን ያለው ይቀዳል፤ የሌለው ደግሞ ከሌላው ሰው ታንከር በቱቦ ይቀዳል። እኔ ግን ለሌባ የምመች ሰው አልነበርኩም። ማታ ማታ ካሚዮኑን ደጃችን ካቆምኩ በኋላ፣ ቱቦውን በአፌ ስቤ ናፍጣውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወደ ጀሪካኖች እገለብጠውና ከአልጋችን ሥር እደረድራለሁ። ጠዋት መልሼ እሞላዋለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሲሰረቅ እኔ ተኝቼ አድራለሁ፤ በዚህም እጅግ እኮራ ነበር።

ታዲያ ናፍጣ በኩፖን በሆነበት በዚያው ዓመት ካሚዮኑ የጠዋት በሽታ ያዘው። ቁልፉን ሳዞረው ለአመል ያህል ይነሳል፣ ወዲያው ያስለዋል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ጭጭ። ስንት ተለምኖ ከተነሳ በኋላም ሚኒሞ አይዝም፤ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ካነሳሁ ጋቢናው ጥርሴን እያንገጫገጨ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ይሁን እንጂ እሱ እስኪድን ድረስ ቃሊቲ መጋዘኑ በር ላይ የጭነት ተራው ያልፈኛል። የዘገየ ባዶውን ይመለሳል፤ መዘግየት ያበዛ ደግሞ አሻጥረኛ ይባላል። በዚያ ዘመን ይህ ስም ከማንኛውም የሞተር በሽታ ይከፋ ነበር።

መካኒክ እንዳልጠራ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ የሞተር ድምፅ ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ራሴ መረመርኩት። ባትሪው ደክሟል ብዬ ከጎረቤት ደህና ባትሪ ተዋስኩ፤ በደህና ባትሪ ደህና አድርጎ ሳለ። ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ሳሉ ግን አልተቀየረም። በመጨረሻ የናፍጣ መስመሩ አየር ይዟል የሚል ውሳኔ ላይ ደረስኩ። እዚህ ላይ ለራሴ ላዳላና፣ ልክ ነበርኩ። ፖምፓው አጠገብ ያለችውን ብሎን ላላ ሳደርጋት ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ይወጣል፤ አረፋው ሲያልቅ ሞተሩ ይረጋጋል።

የቀረኝ አየሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ማግኘት ብቻ ነበር። ሳሙና በጥብጬ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ አጠበቅሁ፣ የማይጠብቀውንም ሰበርኩ። ሚስቴ ቀበሌ ተሰልፋ ያመጣችው ሳሙና በማለቁ አዘነች። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ራሷን እያመማት ነበርና ስለሱም ነገረችኝ። የሰፈራችን ፋብሪካ ጭስ ነው አልኳት። የእሷ ምርመራ ከካሚዮኑ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደብኝ።

ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገርም ነበር። አማቴ መኪናቸውን ሊያዩ ሲመጡ አልጋችንን ለቀንላቸው እኛ መሬት እንተኛለን። እሳቸው ባደሩ ቁጥር ካሚዮኑ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳና እንደ ሰዓት ይሠራል። ከሄዱ በማግስቱ ይታመማል። እኔም አስቤ አስቤ፣ መኪናው ጌታውን ያውቃል፣ እኔን ይንቀኛል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረስኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ምሽት አማቴ ሳይታሰቡ መጡ።

«ይሸጣል» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሰው ሁሉ መኪናህ ሞቷል ይለኛል። ነገ ጠዋት ደላላ መጥቶ ያየዋል።»

ካሚዮኑ ከተሸጠ እንጀራዬ አብሮ መሸጡ ነው። «አባባ፣ አንቱ ሲመጡ እኮ ደህና ይነሳል» አልኩ።

«ታዲያ ሱቄን ዘግቼ ጋቢና ውስጥ ልደር?»

አልጋው ላይ ተቀመጡና አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ናፍጣ ነው። እንዳይሰረቅ በየማታው እየቀዳሁ እዚህ አስቀምጠዋለሁ።»

«በየማታው?»

«አንድም ቀን አልፎኝ አያውቅም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እኔ ሳድር ሸቶኝ አያውቅማ።»

«አንቱ ሲመጡማ አልቀዳም! እንዴት ብዬ አንቱን ናፍጣ ላይ...»

ይህን ስናገር ገባኝ። በሳሙና የፈለግሁት ቀዳዳ የገዛ አፌ ነበር። ማታ ታንከሩን አሟጥጬ ስስበው ቧንቧው ባዶ ይቀርና አየር ይሞላል፤ ጠዋት ናፍጣውን ስመልስ አየሩ እዚያው ይቆየኛል። ዝም ብል ካሚዮኑ ይሸጣል፤ ብናገር ለእንዲህ ያለ ሞኝ ማን ቁልፍ ይሰጣል?

«አባባ፣ መኪናው ጤነኛ ነው። በሽታው እኔ ነኝ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ለደላላው አንተን ልሽጥለት?»

ሚስቴ ሳቀች፤ እኔም ተርፌአለሁ ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እኔን ናፍጣ ላይ ማስተኛት አሳፈረህ፤ ደግ አደረግህ» አሉ። «ልጄን ስታስተኛትስ?»

ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኩ፤ የፖምፓውን ብሎን አላልቼም አየሩን አስወጣሁ። ሚስቴ መስኮቱን ከፈተች፤ የጠዋት ራስ ምታቷንም ለአባቷ ነገረች።

ጠዋት ደላላው ቆሞ እያየ ቁልፉን አዞርኩ። ካሚዮኑ ወዲያው ተነሳ፤ እግሬን ባነሳም አልተንቀጠቀጠም። ምስጋና ጠብቄ ወደ አማቴ ዞርኩ። ሱብሂ ሰግደው ደጅ ቆመዋል፤ ጀርባቸውን ግን ለካሚዮኑ ሰጥተዋል።

«ራስ ምታቱስ እንዴት አደረልሽ?» ይሏታል ልጃቸውን።

«ዛሬስ አላመመኝም፣ አባባ።»

ደላላውን አሰናበቱት፤ ቁልፉም እኔው ዘንድ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ የካሚዮኑን ትንፋሽ ሳዳምጥ፣ እሷን አንድም ጠዋት እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።