የሦስተኛውና የአሥራ ዘጠነኛው እጥፍ ነገር

እትዬ ተርታ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ እኛ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ያወጣንላት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ስትጠርዝ ኖራ ከወረቀት አልፋ ሰውንም ወደ መደርደር ገባች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ማን ከማን ቀድሞ እንደመጣ ታስታውስና ሰልፉን ታስተካክላለች። ቤቷ የባሏ ጫማዎች የሚደረደሩት በተገዙበት ዓመት ነው። የገዛ ሕይወቷን ግን ሌላ ሰው ነው የደረደረላት። ትምህርቷን አባቷ አስቆሟት፣ ባሏን አጎቷ መረጡላት፣ ሥራውን ባሏ አገኘላት። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ጠይቋት የሚያውቅ ጫማ ሻጭ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያሳያት በእሷ ቁጥር የቀረውን አንዱን ጫማ ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ትልቁ የታተመ ወረቀት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ እጥፍ እንለዋለን። ሃያ እጥፍ አንድ መጽሐፍ ነው። እጥፎቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በየክምራቸው ይቀመጣሉ፤ እትዬ ተርታ እየዞረች ከየክምሩ አንዳንድ ታነሳለች፣ ትሰፋለች፣ ታጣብቃለች። ከዚያ እኔ በመቁረጫ ማሽኑ ጠርዙን እከረክማለሁ። እኔ እየከረከምኩ አነባለሁ። እሷ አታነብም፤ ካነበብኩ ማን ይጠርዛል ባይ ናት።

ያኔ የያዝነው «ፀሐይ የከዳችው አገር» የሚባለውን ተከታታይ ልብ ወለድ አምስተኛ ክፍል ነበር። ጨለማ ነገር ነው። አንድ ዕውር ጸሐፊ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ሰው መሞቻ ቀን በቆዳ ላይ ይጽፋል፤ አንዴ ከጻፈው ንጉሥም አያመልጥም። አንድ እጁ የተቆረጠ ጦረኛ ብቻ፣ እኔ መንገዴን እመርጣለሁ ብሎ አራት ክፍል ሙሉ ይዋጋል። አንባቢው ለሁለት ተከፍሏል፤ ይመርጣል የሚልና አይመርጥም የሚል። እኔ አይመርጥም ባይ ነበርኩ። ሰው መምረጥ ቢችል ኖሮ አሥራ አምስት ዓመት መቁረጫ ማሽን አጠገብ አልቆምም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ተርታ የአሥራ ዘጠነኛውን እጥፍ ክምር አቅፋ ስትሄድ ዓይኗ የላይኛው ገጽ ላይ አረፈ። ጦረኛው እየሞተ ነበር። ቆማ አነበበችው። እንባዋ ዓይኗን ጋረደውና ክምሩን ወስዳ በሦስተኛው ቦታ አስቀመጠችው፤ ቦታውን የተነጠቀውን ሦስተኛውን ደግሞ ባዶ በቀረው በአሥራ ዘጠነኛው ቦታ። አምስት መቶ መጽሐፍ እንደዚያው ተጠርዞ ወጣ። አንባቢ ነኝ ባዩ እኔ ያን ቀን ጋዜጣ ላይ ተደፍቼ ነበር።

ስህተቱን በሳምንቱ ያገኘችው ራሷ ናት፤ መጻሕፍቱ ተሽጠው ነበር። ባሏ ማሽኑ ነው በይ አላት። እኔ ዕድል ነው በይ አልኳት። እሷ ግን አለቃችን ዘንድ ገብታ፣ እኔ ነኝ አለች። አለቃው የስንብት ደብዳቤ አስተየበና ደራሲው መጥቶ እስኪፈርድ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። በእነዚያ ቀናት እህል አልወርድ አላት፤ አንጀቴን በላችኝ።

ደራሲው ሲመጣ ፊቱ በርቷል። አንባቢው አብዷል አለን። ጦረኛው ገና ከሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ቀጥሎ ሞቱን አይቶ፣ እያወቀ ወደ ሞቱ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ሕፃን ይሆንና እናቱ ገላውን ታጥበዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጽፎ አያውቅም ተብሎለታል። የገጽ ቁጥሩ ከሠላሳ ሁለት ወደ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ መዝለሉ እንኳ የጊዜ መሰበር ምልክት ነው ተብሎ ተተንትኗል። ስለዚህ ሦስት ሺህ ቅጂ እንዲሁ እንደተዘበራረቀ ይጠረዝልኝ አለ፤ ስለ ስህተቱ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ።

ከዚያ በደግነት ወደ እትዬ ተርታ ዞረ። «እህቴ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም» አላት። «ታሪኩ ራሱ ነው እጅዎን ይዞ የመራው። መሆን የነበረበት ሆነ።»

አለቃው ደብዳቤውን ከመሳቢያው አውጥቶ ቀደደው። እኔ እፎይ አልኩ። የእሷ ፊት ግን ጠቆረ።

«የተሳሳትኩትማ እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ አይደሉም፣ አጎቴም አይደሉም፣ ታሪክዎም አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ጠርዢ ያሉኝን ጠርዣለሁ። ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት ያንን ብቻ ነው። እሱንም ሊወስዱብኝ ነው?»

ቀጥላም ቁርጡን ነገረችው፤ ቅደም ተከተሉ የጠራዧ መሆኑ መጽሐፉ ላይ ካልሰፈረ ሦስት ሺውንም በትክክለኛው ተርታ ትጠርዘዋለች። አለቃው ሌላ ደብዳቤ እንደሚያስተይብ አስጠነቀቃት። ያስተይቡ አለችው። ልጆቿ የሚበሉት ከዚሁ ሥራ ነው።

ደራሲውን ላብ አጠመቀው። «እንግዲህ ምርጫ የለኝማ» አለ።

«አለዎት እንጂ» አለችው። «ሁለት አለዎት። አንዱን ይያዙ።»

አምስት ክፍል ሙሉ ሰው አይመርጥም እያለ የጻፈ ሰው፣ አንዲት ጠራዥ ፊት መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ሲዳብስ ማየት ደስ ይላል።

አዲሱ እትም ሲወጣ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «የእጥፎቹ ቅደም ተከተል የጠራዧ ነው» የሚል ሰፈረበት። ሦስት ሺውንም እሷው ራሷ፣ እያወቀች፣ አንድም ሳታዛንፍ አዘበራርቃ ጠረዘች።

አንባቢው ይህንንም አልተወውም። ጠራዧ ማናት በሚል እንደ አዲስ ተጣላ። ገሚሱ የዕውሩ ጸሐፊ እናት ናት አለ፤ ገሚሱ ዕጣ ፈንታ ራሷ ናት አለ፤ በስድስተኛው ክፍል እንደምትገለጥ በእርግጠኝነት የጻፈም አለ። ሳነብላት ሳቋ ፈንቅሏት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እኔ ግን ተናደድኩ። እትዬ፣ ስምሽን ጠርቼ እውነቱን ልንገራቸው አልኳት።

እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ መርፌዋን አነሳች።

«ተዋቸው» አለችኝ። «እኔ መሆኔን እኔ አውቀዋለሁ።»