ቴርሞሜትሩ ያላየው ራስ ምታት

ድምጿ ከመጣፈጡ የተነሣ የሥራ ባልደረቦቿ «ማሬ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋም ጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ፣ «ኢንተርኔቴ ተቋረጠ» እያለ የሚጮኸውን ደንበኛ ሁሉ በስልክ ማባበል ነው። ከሰዓት በኋላ ከማጅራቷ የሚነሣ ሕመም ግንባሯን እንደ ጠባብ ቆብ ጥርቅም አድርጎ ይይዛታል። በየአገሩ ስንት ወጣት ራሱን ይዞ እንደሚውል ያልሰማው ሐኪም «በዚህ ዕድሜ ምን ራስ ምታት አለ!» ብሎ ሸኝቷታል፤ ራስ የሚበቅለው ከአርባ ዓመት በኋላ ይመስል።

በዚያ መሥሪያ ቤት ዕረፍት የሚፈቅደው ቴርሞሜትር ነው። ሠላሳ ስምንት ካልሞላ ሕመም የሚባል ነገር የለም።

አንድ ቀን ዓይኗ ሲጭበረበርባት ወደ አለቃዋ ሄደች።

«ጋሼ፣ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ዓይኔን ልጨፍን።»

አለቃው ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር አስያዛት።

«ሠላሳ ስድስት ከግማሽ! ይኸውልሽ፣ ከኔ አንቺ ትሻያለሽ።»

«ያመመኝ እኮ ራሴን ነው፤ ብብቴን መቼ አልኩ?»

«ወጣት ነሽ፣ ውሃ ጠጪበትና ተመለሺ። ስልኩ እየጠራ ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ ለሰው ሁሉ «ይቅርታ» ስትል የዋለችው ማሬ እዚህ ላይ ይቅርታዋ አለቀባት። ጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ የቴርሞሜትሩ ማስቀመጫ ብርጭቆ ላይ አጠለቀችው።

«እንግዲያው ስልኩን ጤነኛው ቴርሞሜትር ያንሣው!»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ከውስጥ አለቃው ራሱ ስልኩን አንሥቶ ደንበኛ ሲያባብል ይሰማታል። በሰባተኛው ደቂቃ ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።

«እስቲ ጠጋ በይልኝ» አላት።

«መጀመሪያ ይለኩ» አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።