እያጎረስኩት የምከራከረው ሰው

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ላይ፣ ሱዳን ውስጥ ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ እርሻ ነው። አሁንም ትኩስ አሲዳ፣ ያ የሱዳኖች ገንፎ፣ ፊቴ ሲቀርብ ያ ቀን ድቅን ይልብኛል። መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ ሌላው ስሜት ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ከጎንደር ቆላ አብረን የተሻገርን አጫጆች ነበርን። ከመካከላችን አያ ሞላ የሚባል፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ነበር። በሥራ ማንም አይደርስበትም። እኔና እሱ ግን አገራችንን ስናነሳ አንድ ቀን እንኳ ተስማምተን አናውቅም። የወንድሙን ቤት ወታደሮች ከነእህሉ አቃጥለውበታል፤ ስለዚህ ጫካ የገቡትን ታጣቂዎች በሙሉ ልቡ ይደግፋል። «ካልተኮስን ማን ይሰማናል?» ይላል። እኔ ደግሞ አጎቴን መንገድ ላይ አስቁመው የገደሉት እነዚያው ታጣቂዎች ናቸውና ስማቸው ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «አጎትህ እኮ ለወታደሮች መረጃ ሲያቀብል ነው የተገደለ» አለኝ። አፍንጫውን በቡጢ አደማሁት። እሱም በዱላ ትከሻዬን አለኝ። ማጭድ ሳነሳ ነው ጓደኞቻችን ተረባርበው የያዙን። የአሲዳው ሳህን ተገልብጦ ምሳችንን አፈር በላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንድ ሳህን መብላት አቆምን። እሱ ከዛፉ ሥር፣ እኔ ከምናድርበት የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር፣ ጀርባ ተሰጣጥተን እንጎርሳለን።

ንዴቴ ስላልበረደ ዶካ ገበያ ወርጄ ሻይ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ታጣቂዎቹን ሰደብኩ። «ገበሬ የሚገድል ሌባ ነው እንጂ ታጋይ አይደለም» አልኩ። የምሠራበትን እርሻም ሳልጠየቅ ለፈለፍኩ። ወሬው ድንበሩን እየተሻገሩ ለሚመላለሱት ታጣቂዎች ደረሳቸው።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጧት ለአጨዳ ስንነሳ፣ ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ከሰሊጡ ማዶ ካለው ማሽላ ውስጥ ወጡ። ሁላችንንም በሆዳችን አስተኙን። አንዱ እየዞረ በሰደፍ ጎናችንን ይደቃል።

«ዶካ ላይ እኛን ሌባ ያለው የትኛው ነው?»

መሪያቸው አያ ሞላን ሲያይ አወቀው፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። አስነሥቶ ጉንጩን ሳመው።

«አያ ሞላ፣ አንተማ የኛ ነህ። ሰውየውን አሳየንና ሌላውን አንነካም።»

በዚያች ደቂቃ አለቀልኝ አልኩ። ያደማሁት አፍንጫ ገና አልዳነም። አፈሩ ላይ ፊቴን ደፍቼ እናቴን አሰብኩ።

«የናንተ ነኝ፤ አልካድኩም» አለ አያ ሞላ። «ሰውየውንም አውቀዋለሁ። ያለው ነገር እኔንም አንጨርጭሮኛል። መልሱን የምሰጠው ግን እኔ ነኝ፣ በአፌ። ለጥይት አላቀብለውም።»

መሪው የቀለደ መስሎት ሳቀ። ደግሞ ጠየቀው። አሁንም እምቢ ሲለው ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አስይዞ ጣቶቹን በሰደፍ ቀጠቀጠው። ሲሰበሩ ሰማሁ፤ ደረቅ አገዳ ሲረገጥ እንደሚለው ነው። አያ ሞላ ጮኸ እንጂ ስም አልጠራም። ሰደፉ እንደገና ወረደ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ።

ያኔ ተነሣሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ያንን ድምፅ ድጋሚ መስማት ስላልቻልኩ ነው።

«እኔ ነኝ! እሱን ልቀቀው!»

አፈሙዙ ወደ ደረቴ ዞረ። አያ ሞላ ተወርውሮ ጠመንጃውን በትከሻው ገጨው። ጥይቱ የራኩባውን ጣሪያ በስቶ ወጣ። ተኩሱን የሰሙ የአጎራባች እርሻ ሰዎች ማጭድ እንደያዙ እየጮኹ መጡ፤ የእርሻው ጠባቂም ከወዲያ ተኮሰ። ሦስቱ ወደ ማሽላው ተመልሰው ገቡ። መሪው ሲሄድ ዞሮ አያ ሞላን «ከሃዲ!» አለው። ያቺ ቃል ከጣቶቹ ይልቅ እንዳመመችው ፊቱ ላይ አየሁ።

የእርሻው ወኪል በመኪና ገዳሪፍ ሆስፒታል አደረሰን። ቀኝ እጁ በጄሶ ታሸገ። ምግብ ሲመጣለት ዝም ብሎ ያየዋል፤ በግራ እጅ መብላት ለሱ ነውር ነው። አሲዳውን ቆርሼ ወጡን አስነክቼ አጎረስኩት። አላመጠና ዋጠ። ምስጋና ስጠብቅ፣

«አሁንም ስለነሱ የምትለው ስሕተት ነው» አለኝ።

«እጅህን የሰበሩት እኮ እነሱ ናቸው፣ አያ ሞላ!»

«እጄን የሰበሩት ሦስት ባለጌዎች ናቸው። የወንድሜ ቤት ግን እንደተቃጠለ ነው።» ጣሪያውን እያየ ቀጠለ። «ስለ አጎትህ ያልኩት ግን ጸያፍ ነው። ያላየሁትን ነው ያወራሁ። ይቅር በለኝ።»

ሁለተኛውን ጉርሻ ዘረጋሁለት። እኔም ስለ አፍንጫው ይቅርታ ጠየቅኩት። ጄሶው እስኪፈታለት ድረስ እንዲሁ እያጎረስኩት ተከራከርን።

ዛሬ ገዳሪፍ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል። ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ማጭድ መያዝ ቀርቶበታል። አርብ አርብ፣ ሥራ ሲዘጋ፣ እየሄድኩ አብረን እንበላለን። ጉርሻው አልቀረም።

በቅርቡ ክርክራችን ተጋግሎ እነዚያን ጣቶች ፊቴ ላይ ሲያወዛውዝ አሳዘነኝ። «እሺ አያ ሞላ፣ ልክ ነህ» አልኩት።

ሊጎርስ የከፈተውን አፍ ዘጋው። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ጣቶቼን የሰጠሁት እሺ እንድትለኝ ነው? ያመንክበትን ተናገር!»

ተናገርኩ። እሱም መለሰልኝ። ጩኸታችንን የሰሙ ጎረቤቶች ተጋደሉ ብለው ሊገላግሉን ሲሮጡ መጡና ሳጎርሰው አገኙኝ።

አያ ሞላ በተናገረ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። እሱ ባይኖር ኖሮ ግን የሚፈላ ደም አይኖረኝም ነበር።