ኮምቦልቻ ላይ የተሞከረው ማሽን

ፈንግል የገባው ድንገት ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ የምትኖረው ኢንቲሳር ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስትከፍት አውራው ሳይቀር ሁሉም ሞተው አገኘቻቸው። የተረፋት በሽታው ሳይገባ የለቀመችው እንቁላል ብቻ ነው። ዘሩን ከቢስቲማ አምጥቶ ለዓመታት እየመረጠ ያራባው ባሏ ጀሚል ነበር፤ አምና አረፈ። እነዚህ እንቁላሎች ካልተፈለፈሉ የጀሚል ዶሮ የሚባል ነገር አይኖርም። የምትታቀፍ ዶሮ ደግሞ አልቀረችም።

ኮምቦልቻ መፈልፈያ ማሽን ወደሚሸጠው መኳንንት ወረደች። ሁለት አሳያት። አንዱ ራሱ ከአሮጌ ፍሪጅ የሠራው፣ ከባድና ውድ ነው። ሌላው እንቁላሉን በራሱ የሚያገላብጥ፣ ረከስ ያለ ፕላስቲክ።

«መብራት ቢጠፋስ?» አለች።

መኳንንት የፕላስቲኩን ገመድ ነቀለው። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ውስጡ ያለው ቴርሞሜትር ብዙም አልወረደም።

«አዩ እትዬ? ሙቀቱን ይዟል!»

እውነትም ይዟል። እሱኑ ገዝታ በሚኒባስ ይዛው ወጣች።

እንቁላሎቹ ከገቡ ሳምንት አልፎ፣ ደሴ ላይ ጉም በወረደበት አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ቴርሞሜትሩ ዓይኗ እያየ ቁልቁል ወረደ። ለመኳንንት ደወለች።

«እኔ ጋ ሲሞከር ይዞ ነበር እኮ!»

«ያንተ ቤት ኮምቦልቻ ነዋ! እኔ እኮ ጋቢ ለብሼ ነው የማዋራህ!»

 በኮምቦልቻ ወበቅ የትኛው ሳጥን ሙቀት አይይዝ? ሁለቱም አላሰቡትም።

«በብርድ ልብስ ልጠቅልለው?»

«እንዳያደርጉት! ቀዳዳው ከተደፈነ ይታፈናሉ። ከፍሪጅ የሠራሁት ማሽን ባዶ ነው፣ ይዘዋቸው ይውረዱ።»

እንቁላሎቹን በነጠላ ሆዷ ላይ አሰረቻቸው። ጎንበስ ማለት ስላልቻለች የአስር ሰላቷን ተቀምጣ ሰገደች። በር ላይ ጎረቤቷ ሳሊሃ አየቻት።

«ኧረ ኢንቲሳር! በዚህ ዕድሜሽ አረገዝሽልን?»

«በአላህ አታስቂኝ፣ ይሰበራሉ!»

ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሀረጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ክንዷን ሆዷ ላይ ታጠብቃለች። «ቀስ በል፣ አላህ ይውደድህ!» ትላለች። ሾፌሩ አይሰማም። ቅዝቃዜ ሲሰማት የእንቁላሉ ይሁን የራሷ ቆዳ መለየት አቃታት።

መኳንንት ሱቁን አጨልሞ የመጀመሪያውን እንቁላል በስልኩ መብራት አየው።

«ይቺ ሞታለች።»

ሁለተኛዋም ሞታለች። ኢንቲሳር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪም ቤት፣ የጀሚል ክፍል ደጃፍ ላይም እንዲሁ ነበር የቆመችው።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩ።»

«አንተው እየው። ንገረኝ።»

«ደም ሥሯ ቀይ ነው። ኧረ ትንቀሳቀሳለች!»

«ቀጣይዋስ?»

ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሕይወት ነበሩ። ፍሪጁ ውስጥ ደረደሯቸው።

«እስኪፈለፈሉ እዚሁ ይቆዩ፤ እርስዎ ግን ሳይመሽ ይሂዱ» አላት።

«እዚህስ መብራት አይጠፋም?»

«ይጠፋል።»

ኢንቲሳር በርጩማውን ወደ ፍሪጁ አስጠግታ ተቀመጠች።