አቶ ለምንን የዋጠው ሶፋ

የሶፋ ቤቱ ሰዎች «ቲቪ» ነው የሚሏት። ስሙን አትወደውም። ማንስ ቢሆን ይወዳል? ዕድሜዋን ሙሉ ለልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም አሻንጉሊት ስትሠራ፣ እጇን አሻንጉሊቱ ውስጥ ከትታ አፉን እያንቀሳቀሰች ስታናግረው ኖራ፣ አሁን ቁጭ ብላ የሰው መቀመጫ ትሰፋለች። በዚያ ላይ ቅጽል ስም!

ከሥራ የወጣችበት መንገድ ራሱ ያናድዳል። ጣቢያው አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣለት፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ዓይነት ሰው። የልጆቹን ፕሮግራም ገና ሳያየው «ልጆች አሁን ስልክ ነው የሚያዩት» አለ፤ በቃ። ፊት ለፊት ጠርቶ እንኳ አልነገራትም። ከላይኛው ፎቅ ሆኖ በውስጥ ስልክ ደወለና «ለአገልግሎትሽ ከልብ እናመሰግናለን» አላት። ድንቄም ምስጋና! ያን ጊዜ ለአንድ ዝሆን ኩምቢ እየሰፋች ነበር። ኩምቢውን ሳትጨርስ ነው ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ የተባለችው።

ሥራውስ ይቅር። አንጀቷን ያሳረራት አቶ ለምን ነው። አቶ ለምን ረጃጅም ጆሮ ያለው ጥንቸል ነበር። ገላውን ከሟች አባቷ ካፖርት ቆርጣ ነው የሰፋችው፤ የጆሮዎቹን ውስጥ በቀይ ጨርቅ ሸፈነችው። ሰው ምንም ነገር ሲያስረዳው «ለምን?» ይላል። መልስ ሲሰጡት «እሱስ ለምን?» ይላል። ልጆች ሲያዩት በሳቅ ይንከባለሉ ነበር። ወላጆች ደግሞ «ቤታችንን ለምን በለምን አደረግሽብን!» እያሉ መንገድ ላይ ያስቆሟት ነበር፤ እየሳቁ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ ለመነችው። «ዝሆኑንም አንበሳውንም አስቀሩት። አቶ ለምንን ብቻ ስጡኝ፤ የአባቴ ካፖርት ነው» አለች።

«እህቴ፣ እሱ የድርጅቱ ንብረት ነው» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት። «ንብረት ደግሞ ይጠበቃል።»

ደግማ ሄደች፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። ሌላ ቀን ሄደች፤ ነገ ነይ ተባለች። ነገ የማያልቅባቸው ሰዎች! በመጨረሻ መሄዱን ተወችውና ራሷን አጽናናች፤ ቢያንስ ስቶር ውስጥ ተቆልፎበታል፣ አይጥ ካልነካው አንድ ቀን ይወጣል ብላ።

ሶፋ ቤት ያስገባቻት ታላቅ እህቷ ናት። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ አልተቆረጠ! መርፌ እንደሆነ ያው መርፌ ነው» ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። የሶፋ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ይባላሉ፤ ሲሠሩ አፋቸው ሚስማር እንደጎረሰ ነው የሚናገሩት። በመጀመሪያው ቀን ስፌቷን አገላብጠው አዩና ጮኹባት። «ልጄ፣ ይሄ የሙሽራ ቀሚስ አይደለም! ሰው ይዘፈዘፍበታል! ክሩን አወፍሪው!» መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ከሐዘን አይደለም፤ ከንዴት ነው። እሷ ክሩ እንዳይታይ ብላ ዓይኗን ያፈሰሰች ሰው፣ አወፍሪው ትባል? ቢሆንም ለመደችው። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲላት ሶፋ ቤት ትልና ወዲያው «ለጊዜው ነው» ትላለች። ላልጠየቃትም ጎረቤት ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጊዜው!

እንዲህ እያለች ጣቢያው ራሱ መጣ። ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ ሶፋ አዘዘ። ዋጋ እንዲቀነስለትም «ስቶር ስናጸዳ የወጣ ስፖንጅና ጨርቅ አለ፤ ለመሙያ ይሆናችኋል» ብሎ በጆንያ በጆንያ አራግፎ ሄደ። እሷ የጣቢያውን መኪና ስታይ ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ የእነሱን ዕቃ በእጄ አልነካም» አለች። ጋሼም ነገር እንዳይበዛ ብለው ልባሱን ብቻ እንድትሰፋ፣ ውስጡን ጥጤ እንዲሞላ አደረጉ። ጥጤ ቅንድቡ ሳይቀር ብናኝ የለበሰ፣ ቀኑን ሙሉ መሙያ ሲጠቀጥቅ የሚውል የዋህ ሰው ነው። ሶፋው አለቀ፤ ተጭኖ ሄደ።

በማግስቱ ወለሉን ስትጠርግ ከጥጤ ወንበር ሥር አንድ ነገር ተጠቅልሎ አገኘች። አነሳችው። ረጅም ጆሮ ነው፤ ውስጡ ቀይ። ስፌቱ የራሷ ስፌት ነው።

«ጥጤ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«እ... እሱማ ከጆንያው ነው» አለ ጥጤ። «ለመቀመጫው ስፖንጅ አንሶኝ ነበር። ጆንያው ውስጥ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ምናምን ነበረ፤ ጠቀጠቅኩት። ጆሮው አልገባ ሲለኝ...» ፊቷን ሲያይ ቆመ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

ምን ብላ ትቆጣው? ጥጤ አላጠፋም። ምላጯን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ ጋሼ ከኋላ ጠሯት። ሚስማሮቹን ከአፋቸው አውጥተው ነበር፤ ያ ደግሞ ነገሩ ሲከር ነው።

«ቲቪ! ሶፋው የሰው ዕቃ ነው። የእኔ ሥራ ነው። ቀድደሽው ብትመጪ እዚህ ቤት እንዳትገቢ!»

«አልገባም!» አለችና ወጣች።

የጣቢያው እንግዳ መቀበያ በር ላይ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ ሶፋው መሀል ተንሰራፍቶ፣ ከሁለት እንግዶች ጋር ይሳሳቃል። በእጁ መቀመጫውን መታ መታ እያደረገ «ይመቻል አይደል?» ይላቸዋል።

«ይነሱ» አለችው።

«ይቅርታ?»

«ይነሱ ነው የምልዎት።»

«እህቴ፣ እንግዶች ይዣለሁ...»

«ተነስ!»

እርስዎነቱ እዚያው አለቀ። ሰውየው ሳያስበው ብድግ አለ፤ እንግዶቹም ተከትለውት። ሶፋውን ገልብጣ የሆዱን ጨርቅ በምላጭ ሰነጠቀችው። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከታ መጎተት ጀመረች። መጀመሪያ የአንበሳው ጎፈር መጣ። ቀጥሎ ያ ተሰፍቶ ያላለቀ ኩምቢ። ከዚያ አቶ ለምን፣ ተጨፍልቆ፣ ባለ አንድ ጆሮ።

«ውይ! አቶ ለምን!» ብላ ጮኸች እንግዳ ተቀባይዋ። ልጅ ሳለች በእሱ ያደገች ናት።

«ኧረ ይሄ አሮጌ ጨርቅ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?»

አሻንጉሊት ሠሪዋ ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ስድቡ በዝቶ አልወጣ አላት። እጇን ጥንቸሉ ውስጥ ከተተች። ድምፁ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ለምን?» አለ አቶ ለምን።

«ምን ለምን?»

«ለምን ጆንያ ውስጥ ከተታችሁኝ?»

ሰውየው ለጥንቸል መመለስ አልፈለገም፤ ግን እንግዶቹ እያዩት ነው። «ቦታ ጠቦን ነው» አለ።

«ከጠበባችሁ ለሠራችኝ ለምን አልሰጣችኋትም?»

«ንብረት... የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ...»

«እና ንብረት ላይ ለምን ትቀመጣለህ?»

አንደኛው እንግዳ ሳቁ አመለጠው። ሥራ አስኪያጁ በርበሬ መሰለ። «ዘበኛ! ይቺን ሴት አስወጡልኝ! ይሄንን ሶፋስ አሁን ማን ሊሰፋው ነው?»

«ማን ሊሰፋው ነው ትላለህ? እኔ ነኛ!» ብላ በራሷ ድምፅ ጮኸችበት። «ሥራዬ ነው!»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቆልማማውን መርፌ ከኮሌታዋ ነቀለችና ወፍራሙን ክር አስገባች። ዘበኛው መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ሊነካት ግን አልደፈረም። የምትሰፋው ለሥራ አስኪያጁ ብላ አይደለም፤ ሶፋው የጋሼም የእሷም ሥራ ስለሆነ ነው። እንዲሁ ትታው ብትሄድ ኖሮ ከዚያ ሰውዬ በምን ትሻላለች? ስትጨርስ አቃንታ አቆመችው። ሥራ አስኪያጁ ክብሩን ሊመልስ ብሎ ዘፍ አለበት፤ አንድ ጎኑ ሰመጠ።

አንበሳውንና ኩምቢውን በአንድ ብብቷ፣ አቶ ለምንን በሌላው ይዛ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ለብቻዋ እየተሳደበች ነው የተመለሰችው።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«ቀደድሽው?»

«ቀደድኩት።»

«እንደተቀደደ ነው የተውሽው?»

«ሰፍቼዋለሁ።»

«በወፍራሙ ክር?»

«በወፍራሙ ክር።»

ጋሼ ከበሩ ዘወር አሉላት። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና፣ በሥራ ሰዓት፣ የአቶ ለምንን ጆሮ በድሮው በቀጭኑ ስፌት መለሰችለት። ጥጤ ብቻ ቀስ ብሎ መጣና ይቅርታ አለ። «ዞር በልልኝ» አለችው፤ ቆይታ ደግሞ «ክር ያዝልኝ» አለችው።

አመሻሽ ላይ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ትንሽ አዳመጡና «ሶፋው ጎድጉዷል ይላሉ። ሰፊዋን ላገናኝዎት» ብለው አቀበሏት። ማዶ ያለው ያው ሰውዬ ነው፤ ዛሬውኑ መጥታችሁ የጎደለውን ካልሞላችሁ እያለ ይጮሃል። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሶፋው ምንም አልሆነም» አለችው። «የጎደለው የእኔ ነበር፤ ወሰድኩት።» ስልኩን ዘጋችው።