ያበጠው የእማዬ ወለል

ሚዛንና አማን ገና ለየብቻቸው ከተማ በነበሩበት ዘመን በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ አፈር እፈትን ነበር። አፈሩን በብረት ሻጋታ ከትቼ በመዶሻ እጠቀጥቃለሁ፤ ምን ያህል ውኃ ሲጨመርበት ይበልጥ እንደሚጠብቅ እመዘግባለሁ። በሥራዬ እኮራ ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከኩራቴ ነው።

እማዬ ብቻዋን ነበረች። በዕድሜዋ አንዴ የራሷን ቤት ሠራች፤ አማን፣ ከረግረጉ ዳር። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር። ጥር ላይ ወለሉን ለመሙላት ጎረቤቶቿ በደቦ መጡ። ልማዳቸው አፈሩን ውኃ አጠጥተው፣ ኮባ ቅጠል አልብሰው ሳምንት ካሳደሩ በኋላ በእግር መርገጥ ነው።

«ጭቃ ላይ ወለል ይሠራል እንዴ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ከሸኮ የመጣች አንዲት ጎረቤት «ጠምቶታል እኮ፤ ሳይጠጣ አትዝጊበት» ብትለኝ ሳቅኩባት። ደረቁን አፈር ከካምፕ በተዋስኩት ከባድ መጠቅጠቂያ አስደበደብኩት። ድንጋይ ሆነ። ላዩ ሲሚንቶ ለበሰ። እማዬ ስለምትወደኝ እንዳሻኝ ተወችኝ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ በሩ አልከፈት አለ። «ወለሉ ተነሥቶ ይዞታል፤ በመስኮት ግቢ!» አለችኝ ከውስጥ። እሷም በዚያ ዕድሜዋ ሁለት ቀን ሙሉ በመስኮት ስትወጣና ስትገባ ነበር። ሲሚንቶው መሐሉ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ተሰንጥቋል። «የተማረ ይግደለኝ!» ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

ግን ለምን? ጠንክሮ ነበር እኮ! ሰኞ ካምፕ ውስጥ፣ ከግቢዋ ያመጣሁትን ያንኑ አፈር ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን በደረቁ አጥብቄ ጠቀጠቅኩ፤ ሌላውን አርጥቤ፣ አሳድሬ፣ በመጠኑ። ሁለቱንም ውኃ ውስጥ ነክሬ ከላያቸው እብጠቱን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ አስቀመጥኩ። የእኔው መርፌ ዓይኔ እያየ ሄደ፣ ሄደ። የጎረቤቲቱ ትንሽ ተነቃነቀና ቆመ። አሃ! ቀድሞ የጠገበ አፈር የሚያብጥበት ብዙ አይቀረውም። ሳደርቃቸው ደግሞ ይበልጥ የተሰነጠቀው የእሷ ሆነ። ለካ ኮባውን የሚያለብሱት እንዳይደርቅ ነው! ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ ያዙኝ።

ወለሉ መፍረስ እንዳለበት ላስረዳት እየሮጥኩ ሄድኩ። ከመስኮቱ ሥር ዶማ ተደግፏል። የሸኮዋ ጎረቤት አጠገቡ የኮባ ቅጠል ቆልላ ተቀምጣለች።

«ዶማውን መቼ አመጣችሁት?» አልኩ።

«በሩ የተያዘ ዕለት ነው፤» አለች እማዬ፤ «አንቺ እስክታምኚ ነው የጠበቅነው።»